በዜሮ ቀዳዳ የታየች ጎል

ጋሽ ቁጥር ሲወለድ የወጣለት ስም ሌላ ነው። ያንን ስም ግን ዛሬ የሚያውቁት መታወቂያ ወረቀቱና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ ሚስቱም ብትሆን በዚያ ስም የምትጠራው ስትቆጣ ነው። ለቀረው ሰው ሁሉ ቁጥር ነው፤ ለታናናሾቹ ደግሞ ጋሽ ቁጥር።

ሥራው የሱቅ ማስታወቂያ መጻፍ ነው። የሰፈሩ ዳቦ ቤት፣ ጫማ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ ሁሉም የሱን የእጅ ጽሑፍ ግንባሩ ላይ ለጥፎ ነው የሚውለው። «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ የጻፈባቸው የግቢ በሮች በከተማው ካሉት ውሾች ይበዛሉ። አንድ ጊዜ አንድ አጥር ላይ «መሽናት ክልክል ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ፊደሉ ከማማሩ የተነሳ መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያደንቅ ጀመር፤ ከቆመ አይቀር ደግሞ… የአጥሩ ባለቤት በሳምንቱ መጥቶ «እባክህ በሞቴ፣ አበላሽተህ ጻፍልኝ» ብሎ ለመነው።

በጽሑፉ ቅር የተሰኘ ሰው ቢኖር አንድ ፋርማሲስቱ ነው። ጋሽ ቁጥር «መድሀኒት ቤት» ብሎ በሃሌታው «ሀ» ጻፈለት። ፋርማሲስቱ ደግሞ በብዙኃኑ «ኃ» ካልተጻፈ መድኃኒቱ አያሽርም ባይ ነው። በዚህ የተነሳ ሁለቱ ሰዎች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ አንድ ካፌ ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ተኳርፈው ሻይ ይጠጣሉ።

እሁድ እሁድ ግን ጋሽ ቁጥር ብሩሹን ያስቀምጥና ስታዲየም ይሄዳል። ስሙን ያገኘውም እዚያ ነው። ከምሥራቁ ጎል ጀርባ፣ በአራት የብረት እግሮች ላይ የቆመ፣ ከሩቅ ሲያዩት የርግብ ቤት የሚመስል የጣውላ ሰሌዳ አለ። ፊቱ ጥቁር ነው። በጥቁሩ ላይ በነጭ ቀለም ባንድ በኩል «እኛ»፣ በሌላው በኩል «እንግዳ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሁለቱ ቃላት ሥር ሁለት መስኮቶች አሉ። በመስኮቶቹ ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ጣውላዎች ከውስጥ ይሰካሉ። ጎል ሲገባ ዜሮን ነቅሎ አንድን መሰካት፣ አንድን ነቅሎ ሁለትን መሰካት፣ የጋሽ ቁጥር የእሁድ ሥራ ይኸው ነው። ዘጠኝ ቁጥር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ፣ ተራዋ ሳይደርስ፣ ቀለሟ እንኳ ሳይደበዝዝ፣ እንደ ቆሞ ቀር ሙሽራ ትጠብቃለች።

ታዲያ ከሰሌዳው ውስጥ ሜዳው አይታይም። አንዲት ቀዳዳ የለም። ከሱ በፊት የነበረው ሰውዬ አንገቱን በጠርዙ አስግጎ ጨዋታ ሲያይ ሁለት ጎል ሳይሰካ ቀረ ይባላል። እንግዳው ቡድን ሰሌዳውን አምኖ «አቻ ወጣን» እያለ እየጨፈረ አገሩ ገባ፤ እውነቱ ሲሰማ የዚያ ከተማ ከንቲባ ርችቱን ተኩሶ ጨርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሜዳው ሹም ሰሌዳውን በምስማር ጠረቀመው። ይህ ሹም ሥርዓት ከመውደዱ የተነሳ ከማስነጠሱ በፊት ፊሽካ የሚነፋ ሰው ነው። ጨዋታ በሆነ ቁጥር ከማዶው ትሪቡን ላይ ተቀምጦ፣ ኳሱን ትቶ፣ ሰሌዳውን በሩቅ ማሳያ መነጽር ይጠብቃል። «ክፍት መስኮት ውጤት አይደለም!» ይላል። አንዱን ቁጥር ነቅሎ ሌላውን እስኪሰካ ለጋሽ ቁጥር የተፈቀደለት አራት ሰከንድ ብቻ ነው።

በአራት ሰከንድ ምን ይታያል? ጎሉማ ገብቶ አልቋል። የሚታየው ደስታው ነው። እናም ጋሽ ቁጥር በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስታዲየም ሄዶ ያየው ነገር ቢኖር ላብ በላብ የሆኑ ወንዶች ተቃቅፈው ሲሳሳሙ ብቻ ነው።

ሰው ዓይኑን ሲነሱት ግን ጆሮው ይበረታል። በሦስተኛው ዓመት ላይ ጋሽ ቁጥር የሃያ ሺህ ሰው ጩኸት እንደ ጋዜጣ ማንበብ ቻለ። ጩኸቱ እንደሚፈላ ማንቆርቆሪያ ከታች ተነስቶ «ኡ-ኡ-ኡ» እያለ ከወጣ፣ አንድ ሰው በክንፍ እየበረረ ነው። ሕዝቡ ባንድ ትንፋሽ «እህ!» ካለ ኳሷ ቋሚውን ገጭታለች። ሳቅ ከተሰማ፣ አንድ ምስኪን ተከላካይ ኳሷ በእግሮቹ መሀል ሾልካበት ዘወር ዘወር እያለ እየፈለጋት ነው። ድንገት ዝም ካለ ቅጣት ምት ነው፤ ከዝምታው ቀጥሎ ሰማዩ ከተቀደደ ደግሞ ኳሷ የበረኛውን ጣት ዳብሳ ማዕዘኑ ላይ አርፋለች። ማን እንዳገባው ለማወቅ አራቱ ሰከንድ ይበቃሉ። ጥላ የተባለው አጥቂ ሲያገባ ሜዳውን ይስማል። ዝሆኔ የራሱን ቡድን በረኛ ተሸክሞ ይሮጣል። ምላጭ ደግሞ፣ ቢያገባም ባያገባም፣ ቁልቁል የወረደ ካልሲውን ይጎትታል። እንዴት እንደገባ ከጩኸቱ፣ ማን እንዳገባ ከደስታው ይወስድና ጋሽ ቁጥር ሁለቱን አጋጥሞ ይሰፋቸዋል። ስፌቱን የተማረው ከሚስቱ ነው፤ ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት።

ሰኞ ጠዋት ካፌው ጢም ብሎ ይሞላል። ወንበሮቹ ተከላካይ ይሆናሉ፣ የስኳር ዕቃው በረኛ ይሆናል። ጥላ ዝነኛዋን ጎል ባገባበት እሁድ ጋሽ ቁጥር ሰሌዳው ውስጥ ሆኖ ሰባት ጊዜ ሳቅ ሰምቶ ነበር።

«ሰባት ሰው!» አለ በማግስቱ፣ በወንበሮቹ መሀል እየተጥመለመለ። «ሰባት ሰው በአብዶ አለፈ! ሰባተኛው በረኛው ነበር። ስምንተኛ ሆኜ እኔ ብቆም እኔንም ያልፈኝ ነበር፤ አልፎኝም ይቅርታ ይጠይቀኝ ነበር!»

ዝሆኔ በቴስታ የገጫትን ሲያወራ «ኳሷ መረቡን ይዛ፣ መረቡ ቋሚዎቹን ይዞ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ተያይዘው ወደ አጥሩ ሄዱ» ይላል። የምላጭን የቅጣት ምት ሲያነሳማ ካፌው ውስጥ የሚተነፍስ ሰው የለም፤ «ኳሷ መጀመሪያ ወደ ግራ ሄደች። መሀል መንገድ ላይ ሐሳቧን ቀየረች። ግድግዳ ሠርተው የቆሙትን አምስት ሰዎች በየተራ ሰላም አለችና በላይኛው ማዕዘን ገባች።»

ማውራት በጀመረበት ዓመት አንድ ሰው «እውነት በዓይንህ አይተሃል?» ብሎት ያውቃል። «እኔማ ከጎሉ ጀርባ ነበርኩ» አለው። ውሸት የለበትም፤ ከጎሉ ጀርባ ነበር። ሰውየውም «እሱስ፣ ካንተ ቅርብ ማን አለ» ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ሰሌዳው ውስጥ ወጥቶ ያየ ሰው ስለሌለ ሁሉም ጋሽ ቁጥር የከተማው ምርጥ ወንበር ያለው ይመስለዋል። ከሹሙ ሌላ ምሥጢሩን የምታውቅ ሚስቱ ብቻ ናት።

እንዲህ ሆኖ ሲኖር ባንድ ሳምንት ሁለት ወሬ መጣ። አንደኛው፣ ምላጭ በመጪው እሁድ የመጨረሻውን ጨዋታ ተጫውቶ ኳስ ሊያቆም ነው። ሁለተኛው፣ የጣውላው ሰሌዳ በማግስቱ ሰኞ ፈርሶ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሊተከል ነው። ጋሽ ቁጥር ወሬውን ሰምቶ ቤት ሲገባ ፊቱ ከሰሌዳው ይበልጥ ጠቁሮ ነበር።

የቤታቸው የፊት ለፊት ክፍል ግማሹ የክር፣ ግማሹ የቀለም ነው። ባንድ ጥግ የሚስቱ የልብስ መኪና ይንጣጣል፣ በሌላው ጥግ ማስታወቂያ ይደርቃል። ሚስቱ ሱሪ እያሳጠረች ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ መቀስ እንደጠፋበት ሰው ምን ያንቆራጥጥሃል?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ» አለ፤ «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ጎል አላየሁም። አንዲት! እሁድ ምላጭ ያቆማል፣ ሰኞ ሰሌዳው ይፈርሳል። አንዲት የምላጭ ጎል በዓይኔ አይቼ፣ አንዲት እውነት ይዤ ካፌ ብገባ ምን አለበት?»

«ታዲያ ትኬት ቆርጠህ እንደ ሰው ተቀምጠህ እያት።»

«ሰሌዳውንስ ማን ይይዛል?»

«እኔ እይዘዋለሁ።»

«አንቺ? ኳስ ገና ስትጀመር እንቅልፍሽ የሚመጣ ሴትዮ! ሦስት ለባዶ መርተን ዜሮ ለዜሮ ተብለን ልንወጣ ነው?»

ሚስቱ አልተከራከረችም፤ እውነት ነው። ይልቅ ዓይኗ ግድግዳው ጥግ ላይ አረፈ። ጋሽ ቁጥር ለመጨረሻው ቀን ቀለም ሊያድስላቸው ያመጣቸው ሁለት ዜሮዎች ተደግፈው ቆመዋል።

«እስቲ ንገረኝ፣ የዜሮው መሀል ምን ያደርጋል?» አለች።

«ምንም። ጥቁር ነው።»

«ቀዳዳ ቢሆንስ ከሩቅ ጥቁር አይደለም እንዴ የሚመስለው? ውስጡ ጨለማ ነው ስትለኝ አልነበር?»

ጋሽ ቁጥር ሚስቱን ገና ዛሬ እንደዳሩለት ሰው ትኩር ብሎ አያት። ከዚያ መጋዙን ፍለጋ ሮጠ።

አንደኛው ዜሮ ባንድ ሰዓት ውስጥ መሀሉ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ ተፈለቀቀ። ጋሽ ቁጥር ዓይኑን በቀዳዳው ከቶ ሚስቱን አየ፤ የልብስ መኪናውን አየ፤ ዓለም እንዲህ ሰፊ ናት እንዴ አለ።

«የትኛው ጋ ነው የምትሰካው? እኛ ጋ ነው እንግዳ ጋ?» አለች ሚስቱ።

«እንግዳ ጋ ነዋ። እኛ ጋማ ብሰካው በመጀመሪያዋ ጎል ይነቀላል። የቀሩትን በምን አያቸዋለሁ?»

«የቀሩትን? አሁን ‹አንዲት› ስትል አልነበር እንዴ?»

«ከተገኘ ምን ይላል? ምላጭ ሦስት ቢያገባስ?»

«ስግብግብ! እንግዳው ቡድን ቢያገባስ?»

«አያገባም።»

«ለነሱ ነግረሃቸዋል?»

እሁድ ስታዲየሙ ከመሙላቱ የተነሳ ሰው የራሱን እጅ ለማጨብጨብ የጎረቤቱን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ጋሽ ቁጥር መሰላሉን ወጣ፣ ደህናውን ዜሮ «እኛ» ሥር፣ ቀዳዳውን ዜሮ «እንግዳ» ሥር ሰካና ዓይኑን ከተተ። ሹሙ ከማዶ ሆኖ በመነጽሩ አየ፤ ሁለት ዜሮ አየ፤ ሥርዓት ነው ብሎ ዝም አለ።

ጨዋታው ተጀመረ። ጋሽ ቁጥርም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የኳስ ጨዋታ አየ፤ ደነገጠም። እሱ ዘጠና ደቂቃው በሙሉ አብዶ፣ ቴስታና መቀስ ምት ይመስለው ነበር። ለካስ ሰዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርጉት ቆመው መትፋት፣ ዳኛውን መጨቅጨቅ፣ ኳሷን ወደ ኋላ መመለስና እርስ በርስ እጅ መወራወር ነው። ምላጭ ራሱ፣ ያ ምላጭ፣ ወገቡን ይዞ እንደ ጡረተኛ ይንሸራሸራል። አምስት ደቂቃ ተንሸራሽሮ ካልሲውን ይጎትታል። አምስት ደቂቃ ተንሸራሽሮ እንደገና ይጎትታል።

«ቆይ ብቻ» አለ ጋሽ ቁጥር ለራሱ፤ «እያዘናጋቸው ነው።»

በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ንፋስ መጣና ከመጋዙ የተረፈ የእንጨት ዱቄት ዓይኑ ውስጥ አስገባበት። እያለቀሰ ሲያሽ ሃያ ሺህ ሰው ባንዴ ዝም አለ። ይህን ዝምታ ያውቀዋል፤ ሌባ የገባበት ቤት ዝምታ ነው። እንግዳው ቡድን አግብቷል። ሚስቱ ትክክል ነበረች፤ አልነገራቸውም።

ሥራ ሥራ ነው። ቀዳዳውን ዜሮ ነቅሎ አንድን ሰካ። ሰሌዳው ውስጥ እንደ ድሮው ጨለመ። የአንድ ቁጥር መሀል ምን ቢበሱት አያሳይ፤ እንደ ቀጭን ዘበኛ ቆሞ ይገትራል። ጋሽ ቁጥር ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የተፈለቀቀውን ዜሮ ታቅፎ ሊያለቅስ ሲል ግን አንድ ነገር ታየው። «እኛ» ሥር ያለውም እኮ ዜሮ ነው! ደህናውን ነቀለና ቀዳዳውን ቦታው ሰካ። ከማዶ የሹሙ ፊሽካ ጮኸ፤ አራት ሰከንዱ አልፎ ነበር። ግድ የለም። አሁን በቡድናችን ውርደት ውስጥ ሜዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የመጀመሪያዋ ጎል እስክትገባ ድረስ ብቻ፤ አንዲት ጎል ብቻ። ሳይፈልግ ወደ መጀመሪያ ልመናው ተመለሰ።

ከዕረፍት በኋላ ቡድኖቹ ጎል ተቀያየሩና ቡድናችን ወደ ምሥራቁ ጎል ማጥቃት ጀመረ፤ ከጋሽ ቁጥር አፍንጫ ሥር ማለት ነው። ስልሳኛው ደቂቃ አለፈ። ሰባኛው አለፈ። ጋሽ ቁጥር ጎሏ እንዳታመልጠው ዓይኑን መጨፈን ትቶ ነበር፤ አንዱ ሲደክም በሌላው ይተካዋል፣ እንደ ተቀያሪ ተጫዋች።

በሰማንያ ሦስተኛው ደቂቃ የማዕዘን ምት ተገኘ። የሁለቱም ቡድን ሰው በሙሉ ጎሉ አፍ ላይ እንደ አውቶቡስ ሰልፈኛ ተጨናነቀ። ኳሷ መጣች፤ ሁሉም ዘለለ፤ ማንም አልነካት። አንድ ወፍራም ተከላካይ አገኛትና ከከተማው ሊያስወጣት አክርሮ መታት።

በዚያች ቅጽበት ምላጭ ፊቱን ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባውን ወደ ተከላካዩ አዙሮ፣ ጎንበስ ብሎ ካልሲውን እየጎተተ ነበር።

ኳሷ መቀመጫው ላይ «ጷ!» ብላ አረፈች። ከዚያ ምን እንደነካት ሳይገባት፣ እንደ ሰነፍ ፊኛ ቀስ ብላ ወደ ላይ ተነሳች። በረኛው በስተቀኝ ዘሎ ተጋድሞ ነበር፤ ተጋድሞ ቁልቁል ሳይሆን ሽቅብ እያያት፣ በላዩ አልፋ፣ አግዳሚውን እንደ ድመት ታክካ መረቡ ውስጥ ወደቀች።

ሃያ ሺህ ሰው አንድ አፍታ ዝም አለ። ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ።

ጋሽ ቁጥር ያንን ጩኸት ያውቀዋል! በጆሮው ቢሆን ኖሮ ዓይኑን ሳያሽ ይተረጉመው ነበር፤ ዝምታ፣ ቀጥሎ ነጎድጓድ፣ ቅጣት ምት ከሠላሳ ሜትር፣ የበረኛውን ጣት ዳብሳ፣ ላይኛው ማዕዘን። ልክ ያው ጩኸት ነው። «ወይ ጉድ!» አለ፤ «ስንቷ ትሆን እንዲህ የገባችው?» ሳቁ መጣ። ሆዱን ይዞ፣ ግንባሩን ጣውላው ላይ ደግፎ ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከዜሮው አልነቀለም። ምላጭ ቀና ብሎ መቀመጫውን አሸት አሸት አደረገ። ግራ ቀኙን አየ። ኳሷ መረብ ውስጥ መሆኗን ሲያይ እጆቹን እንደ ንስር ዘርግቶ፣ ከመጀመሪያውም ያሰበው መስሎ፣ ወደ ደጋፊው ሮጠ።

ያኔ ነው ሕዝቡ የጀመረው።

«ቁጥር! ቁጥር! ቁጥር!»

ጋሽ ቁጥር ጆሮውን አላመነም። ሃያ ሺህ ሰው ስሙን እየጠራ ነው! ለካስ ያውቃሉ፤ የመጨረሻ ቀኑ መሆኑን ያውቃሉ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ጨለማ ውስጥ መቆሙን አልረሱም። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የዚህን ጊዜስ ዱቄት አልነበረም።

«ቁጥ-ር! ቁጥ-ር! ቁጥ-ር!»

ዝም ቢል ነውር ነው ብሎ፣ እጁን በዜሮው ቀዳዳ እስከ ክርኑ ድረስ አወጣና አውለበለበላቸው።

ዜሮ ለአንድ ከሚለው ሰሌዳ ላይ፣ ከዜሮው መሀል፣ የሰው ክንድ ወጥቶ ሰላም ሲል ያየ ስታዲየም ምን እንደሚሆን ለመናገር ሌላ ጋሽ ቁጥር ያስፈልጋል። ጩኸቱ በረታ፤ እሱም ማውለብለቡን አበረታ። ዳኛው ራሱ ፊሽካውን ከአፉ ጥሎ ቆመ። ወዲያው መሰላሉ ተንቀጠቀጠና የሜዳው ሹም ከነመነጽሩ፣ ላብ በላብ ሆኖ ብቅ አለ።

«ቁጥሩን ቀይር እያሉህ ነው፣ አንተ ደረቅ!»

ጋሽ ቁጥር ቀስ ብሎ ክንዱን ከዜሮው ወደ ውስጥ ሳበ።

«እኔን የጠሩኝ…»

«ማንን ይጠራሉ? አንድ ለአንድ እኮ ነው! አንድ ስካ! ከዛሬ ጀምሮ ተባረሃል!»

«ሰሌዳው እኮ ነገ ይፈርሳል፣ ሹሜ።»

«እንግዲያው ከትናንት ጀምሮ!»

«ትናንትማ ቅዳሜ ነበር፤ አልገባሁም።»

ሹሙ ፊሽካውን ነፋና ወረደ። ጋሽ ቁጥር አንድን ሰካ። ሁለቱም መስኮት ተዘጋ። ጨዋታው አንድ ለአንድ ሲያልቅ እሱ ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብሎ ለብቻው ይስቅ ነበር። አይቷታል። አንዲት ናት፣ ግን የራሱ ናት። ያን ዕለት ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም፤ ትኩሷን መጀመሪያ ካፌ ሊያወጣት ፈለገ።

ሰኞ ጠዋት ሲገባ ካፌው ለክንዱ አጨበጨበለት። ነገር ግን ወንበሮቹ ቀድመው ተደርድረዋል። ፋርማሲስቱ ነው፤ ኩርፊያውን ለአንድ ቀን አስቀምጦ መሀል ቆሟል።

«…እና ምላጭ ጀርባውን ሰጠ። ለምን? በረኛውን ለማታለል! ጎንበስ አለ። ለምን? ተረከዙን ለማዘጋጀት! ሬዲዮውም ያለው ይህንኑ ነው። በተረከዝ፣ ሳያይ! ሃምሳ ዓመት እንዲህ ያለ ጎል አልተቆጠረም!»

«በተረከዝ አይደለም» አለ ጋሽ ቁጥር።

«በምንድን ነው ታዲያ?»

«በመቀመጫው ነው። ካልሲውን እየጎተተ ነበር።»

ካፌው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ቁጥር ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ቀልዴን አይደለም። በዓይኔ አየሁት።»

ሳቁ ቆመ። የካፌዋ ባለቤት የሻይ ብርጭቆ እንደያዘች «እንዴ፣ ጋሽ ቁጥር፣ ሰውየው ሊሰናበት በመጨረሻው ቀን መቀመጫውን ታነሳበታለህ?» አለች፣ ከልቧ አዝና።

«ትሪቡን ላይ የነበራችሁ የሰው ክምር ነው ያያችሁት። እኔ ብቻ ነኝ በደንብ ያየሁት፣ ከጀርባው!»

«ሁሌም የምታየው ከጀርባ ነው» አለ ፋርማሲስቱ፤ «እስከ ዛሬ መቀመጫ ታይቶህ አያውቅም።»

ጋሽ ቁጥር ዙሪያውን አየ። እውነቷ እንድትታመን ከተፈለገ ሌሎቹ ጎሎች መሄድ አለባቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ በሙሉ።

«ስሙኝማ። ሌሎቹን አላየኋቸውም። ሰሌዳው ውስጥ ቀዳዳ አልነበረም። የጥላንም፣ የዝሆኔንም፣ የምላጭን ቅጣት ምትም፣ ሁሉንም ከጩኸታችሁ ነው የሰፋሁት። ያየሁት የትናንቱን ብቻ ነው።»

ጋሽ ቁጥር ስድቡን ጠበቀ። ፋርማሲስቱ ግን ጠረጴዛውን በጡጫ መታ።

«አላየሁም? ጥላ ሰባት ሰው ሲያልፍ አላየሁም ትላለህ? እኔ አይቻለሁ! ሰባት! ራሴ ነኝ የቆጠርኳቸው!»

«የት ተቀምጠህ?»

«ያን ቀን… ያን ቀን ተረኛ ነበርኩ፣ መድኃኒት ቤት። ቢሆንም አይቻለሁ!»

«እኔም ዝሆኔ መረቡን ሲነቅለው አይቻለሁ» አለ ከጥግ አንዱ። «ቋሚዎቹ አጥሩ ላይ ተደግፈው ነበር።»

«ኳሷ ለአምስቱም ሰላም ስትል አይቻለሁ» አለች የካፌዋ ባለቤት፤ ስታዲየም ረግጣ የማታውቅ ሴት። «አንተ ዛሬ ምን ነክቶህ ነው የሰው ትዝታ የምትበጠብጥ? ሥራህን ስላጣህ ከፍቶህ ነው። ቁጭ በል፣ ሻይ ላምጣልህ።»

ሻዩ መጣ። ፋርማሲስቱ ወንበሮቹን አስተካክሎ ተረከዙን እንደገና ጀመረ፤ ሁለተኛው ትረካ ላይ ምላጭ ከመምታቱ በፊት ለበረኛው ጠቀሰው። ጋሽ ቁጥር ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

በምሳ ሰዓት ቤት ሲገባ ሚስቱ የአንድ ሙሉ ልብስ እጅጌ እየገጠመች ነበር። ምሳው ቀርቧል።

«እህስ? አየሃት?»

«አየኋት። ለካፌው ነገርኳቸው፤ አላመኑኝም። ሌሎቹን አላየሁም ብል እሱንም አላመኑኝም።»

«እስቲ ለኔ ንገረኝ።»

ወንበር አላንቀሳቀሰም፤ አልተጥመለመለም። እጁን ኪሱ ከቶ፣ ወፍራሙ ተከላካይ መታት፣ ምላጭ ካልሲውን ሲጎትት መቀመጫውን አገኘችው፣ ገባች፣ አለ። በቃ ይኸው ነው።

ሚስቱ መኪናውን አቁማ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«አምኜሃለሁ» አለች።

«የምርሽን ነው?»

«የምሬን።»

«ሃምሳ ሰው ያላመነውን አንቺ እንዴት አመንሽ?»

«አንተ ፈጥረኸው ቢሆን ኖሮ ያምር ነበራ» አለችና መኪናዋን አስነሳች።

ጋሽ ቁጥር ሙገሳ ይሁን ስድብ እስኪለይለት ድረስ ምሳው ቀዘቀዘ።